በመታጠፊያው ላይ የማይጮህ ክላክስ

ባለቤቴ ያቺን መኪና የገዛው ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሳ የውጭ አገር መሐንዲስ ነው። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ከመሬት እምብዛም ከፍ የማትል የእሽቅድምድም መኪና ነበረች። ጊዜው የሃምሳዎቹ ማለቂያ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ከጭነት መኪናና ከአውቶቡስ ሌላ ብዙም ስለማይታይ፣ በዋናው መንገድ ስናልፍ ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ያየናል። እሱ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፈራኋት።

መሐንዲሱ የተወልን ሁለት መሪ ነበር። አንደኛው አብሯት የተሠራው ትልቅ ጥቁር መሪ ሲሆን ዙሪያው ተሰነጣጥቋል። ሁለተኛው ከሌላ መኪና የመጣ፣ አነስ ያለ፣ የተወለወለ የእንጨት መሪ ነው። ባለቤቴ የእንጨቱን ወደደ። ትልቁን ፈትቶ አልጋ ሥር ከተተና በቦታው የእንጨቱን አሰረ። መሪው ልክ ሆነ፤ ክላክሱ ግን ተበላሸ። መሐሉ ላይ ያለው ቁልፍ ከሥሩ ካለችው የመዳብ ቀለበት ጋር በደንብ አይገናኝም። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ቁልፉን ሲጫኑት ይጮኻል፤ መሪው ወደ ግራ ሲዞር ድምፁ ይጠፋል፤ ወደ ቀኝ አጥብቆ ሲዞር ደግሞ ማንም ሳይነካው ጩኸቱን ይለቀዋል። አንድ ቀን ገበያ መሐል ለቆት አህዮቹ ጭነታቸውን እየጣሉ ሲበተኑ፣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። አስተካክለው ብዬ ለመንኩት። ቀጥ ባለ መንገድ ይሠራል አለኝ። እኔ የምፈራው ግን ቀጥ ያለውን መንገድ አልነበረም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከአንኮበር መልእክት መጣ። አባቴ እዚያ የደብር ቄስ ነበሩ። ሆዳቸውን ታመው ከተኙ ሰንብተዋል አሉኝ። በማግስቱ ጠዋት ተነሳን። ከከተማው ስንወጣ ፀሐይ ነበር፤ ወደ ገደሉ አፋፍ ስንቃረብ ግን ጉሙ ከቆላው እየተትጎለጎለ ወጥቶ መንገዱን ሸፈነው። እኔ የተቀመጥኩት በገደሉ በኩል ነው። በሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ወደ ታች ሳይ የመንገዱ ጠርዝ እንኳን አይታየኝም፤ ነጭ ባዶ ነገር ብቻ። ውዳሴ ማርያም በልቤ እጀምራለሁ፣ መሐሉ ይጠፋኛል፣ እንደገና እጀምራለሁ። ወደ ግራ በታጠፍን ቁጥር ባለቤቴ ቁልፉን ይጫናል፤ ምንም የለም። በመጨረሻ አንገቴን አውጥቼ መኪና ነው፣ ዘወር በሉ እያልኩ መጮህ ጀመርኩ። እሱም ዝም በይ፣ ታስደነግጪኛለሽ አለኝ።

ቀጥሎ ባለው መታጠፊያ ላይ ድንገት ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ወጡ። ጋቢ የለበሱ፣ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ናቸው፤ ከፊታችን ነበሩ። ባለቤቴ ፍሬኑን ረግጦ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ ጠመዘዘው። ያኔ ክላክሱ በራሱ ለቀቀው። መኪናዋ ተንሸራትታ ቆመች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ከድንጋጤው የተነሳ በጉልበቱ ወደቀ፤ ቃሬዛው አዘነበለ፤ ግን አልወደቀም።

በሬን ልከፍት ስል እግሬን የማሳርፍበት መሬት የለም። በባለቤቴ በኩል ተሻግሬ ወረድኩ። ከፊት የተሸከመውን ሰው ሳይ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዓይኔ ወደ ቃሬዛው ሄደ።

«አባባ ናቸው» አለኝ። «ትናንት ባሰባቸው። አንቺን መጠበቅ አልቻልንም።»

ክላክሱ አሁንም ይጮኻል። ባለቤቴ ኮፈኑን ከፍቶ ሽቦውን ሲነቅለው ዝም አለ። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት እኔ ላድርሳቸው አለ። ወንድሜ በዚህች መኪና አይሆንም፣ አሁን ልትጨርሰን ነበር እኮ አለ። ሁሉም እኔን አዩኝ። የተናገሩት ግን አባቴ ናቸው።

«አስገቡኝ» አሉ በቀጭን ድምፅ። «ትከሻችሁ አልቋል።»

መንገዱ ለመዞር ስለማይበቃ፣ ሰዎቹ የመኪናዋን ጅራት ተሸክመው አዞሯትና አባቴን በእኔ ቦታ አስቀመጧቸው። ባለቤቴ ሽቦውን አስረዝሞ ጫፉን ላጠውና አባቴን አስያዛቸው። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር ይህንን ከብረቱ ጋር ያነካኩልኝ አላቸው። ለእኔ ቦታ አልነበረም። ከወንድሜ ጋር በእግር ተከተልኩ።

ጉሙ ውስጥ የሚሰማኝ ያ ክላክስ ብቻ ነበር። ሲጮህ አባቴ በሕይወት አሉ እላለሁ። ዝም ሲል ቆሜ አዳምጣለሁ። ከዚያ ራቀ፣ እየሳሳ ሄደ፣ ጨርሶ ጠፋ። ወንድሜ ርቀው ሄደው ነው አለኝ። አላመንኩትም። በየመታጠፊያው የመንገዱን ጠርዝ እያየሁ፣ የጎማ ምልክት ወደ ገደሉ ወርዶ እንደሆነ እየፈለግሁ ሄድኩ።

ደብረ ብርሃን ስንገባ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። ባለቤቴ ሐኪም ቤቱ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። አባቴ ይኑሩ ይሙቱ ፊቱን አይቼ መለየት አቃተኝ።

«አሉ» አለኝ። «መርፌ ተወግተው እንቅልፍ ወስዷቸው ነው።»

ከጉሙ ሲወጡ አሁን ይበቃል ብሏቸው እንደነበር ነገረኝ። እሳቸው ግን ሽቦውን እስከ ሐኪም ቤቱ በር ድረስ አልለቀቁትም።

ባለቤቴ በዚያው ሳምንት ትልቁን ጥቁር መሪ መልሶ ገጠመ። ክላክሱም ተስተካከለ፤ እኔ ግን ያቺ መኪና ውስጥ ዳግመኛ አልገባሁም። አባቴ እየዳኑ ሲመጡ አንድ ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሳለ መንገድ ላይ ፈርተሽ ነበር ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎን አልኩ።

«እኔም» አሉኝ።

አባቴ ፍርሃት ያውቃሉ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወደ አንኮበር የሚመለሱበት ቀን ሲደርስ ወንድሜ በቅሎ ጭኖ መጣ፤ ባለቤቴም በመኪና ላድርስዎ ሳይል እርካቡን ያዘላቸው።