የእትዬ አስካለ ያላለቀ አጥር

ለማኅበርተኞቻችን፣ ለየካና ለካራ ጎረቤቶች፣ በእሳቸውም ደጅ አረፍ ብላችሁ መንገዳችሁን ለቀጠላችሁ ሁሉ፦ እትዬ አስካለ ወልደ ሰንበት በቁስቋም ማግስት ጠዋት፣ የጀመሩትን ጧፍ ከጎናቸው እንዳስቀመጡ አርፈዋል። ለዓመታት ጧፍ ሲሠሩለት በኖሩት ደብራችንም ተቀብረዋል። እኔ ጎረቤታቸው የሆንኩ አስተማሪ ነኝ፤ ከማልቀስ ይልቅ መቆጣት ይቀናኛል። ሁለቱን ቀላቅዬ ብጽፍ ይቅር በሉኝ።

እትዬ አስካለ አጭርና ቀጭን ነበሩ። ድምፃቸው ግን፣ አቤት! ከእንጦጦ ቢጣሩ ካራ ድረስ ይሰማል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በዚያች በባሕር ዛፉ ሥር ባለች ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ ብቻቸውን ማለት እንኳ ይከብደኛል፣ ቤታቸው ከሰው ተለይቶ አያውቅምና። የጽጌ ወር በገባ ቁጥር የሚናገሩት ነገር ነበራቸው፦ «እመቤታችን ልጇን አዝላ ስትሰደድ ማን በር እንደከፈተላት፣ ማን እንደዘጋባት ዛሬም እንተርካለን። በእኛ በር ላይ የሆነውንስ ነገ ማን ይተርከው ይሆን?»

ያዕቆብ ከሚስቱ ከማርታና ከሕፃን ልጃቸው ጋር የመጣው ባለፈው ዓመት በዚሁ ወር ነው። ከባሮ ማዶ ካለው ጦርነት ሸሽተው ነበር። በአገሩ አናጢ ነበርና እትዬ አስካለ ጓዳቸውን ለቀቁላቸው፣ እሱንም የወደቀ አጥራቸውን እንዲሠራላቸው አዘዙት። ይሄኔ ማኅበራችን ተንጫጫ። ስለ ሁሉም የተናገሩት ጡረተኛው ወታደር ግራዝማች ይመር ነበሩ።

«አስካለ፣ ሰውዬው ክርስቲያን ነኝ ቢልም የእኛ ደብር ሰው አይደለም። ማንነቱ ሳይታወቅ ጓዳ ይገባል?» አሉ።

እትዬ አስካለ ዳቦውን መቁረሳቸውን ሳያቋርጡ መለሱ፦ «ግራዝማች፣ መንገደኛ ደጅ ቆሞ ‹የመሸበት የእግዜር እንግዳ› ይላል እንጂ ‹የእገሌ ደብር ልጅ ነኝ› ሲል ሰምተው ያውቃሉ?»

ግራዝማች ዳቧቸውን በሉ። በልባቸው ግን አልተዋጠላቸውም።

ብዙም ሳይቆይ፣ በእትዬ አስካለ ቤት ማኅበር በተቀመጥንበት እሑድ፣ አንድ አስር አለቃ መጣ። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው የውጭ ሰው ተይዞ ወደ ድንበር ይሸኛል የሚል ትእዛዝ ይዟል። ያዕቆብ ወደዚያ ከተመለሰ ምን እንደሚጠብቀው ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ወንድሞቹ ያለቁት እዚያው ነው። ማርታ ልጇን አቅፋ እንደ ድንጋይ ደርቃ ቀረች።

እትዬ አስካለ ብድግ አሉና «በሕግ አምላክ!» ሲሉ አስር አለቃው ባለበት ቆመ። የነጠላቸውን ጫፍ በያዕቆብ ኮት ቁልፍ ቀዳዳ አሳልፈው ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። የድሮውን ልማድ የማታውቁ ልጆች ትኖራላችሁ፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር፣ ቁራኛ ይባላል። ዳኛ ሳያይ የሚፈታው የለም።

«ክስ አለኝ» አሉ። «ይህ ሰው አጥሬን ጀምሮ ሳይጨርስ ሊሄድብኝ ነው!»

«እማማ፣ የምወስደው እኮ እኔ ነኝ» አለ አስር አለቃው ግራ ገብቶት።

«ማንም ይውሰደው፤ አጥሬ ግን ክፍት ነው። ዳኛ ይየን!»

እንደተቋጠሩ ቁልቁል ወደ አጥቢያ ዳኛው ቤት ወረዱ፤ እኛም ተከተልን። እሳቸው አጭር፣ እሱ እንደ ባሕር ዛፍ ረጅም፣ ሲራመድ ነጠላውን እንዳይቀደው ጎንበስ እያለ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ መሳቄን አልክድም። አጥቢያ ዳኛው የድሮ ሰው ነበሩ፤ ነገሩን ሰምተው ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና ፈረዱ፦ «የያዙት ሥራ ሳይጠናቀቅ መሄድ ነውር ነው። አጥሩ እስኪያልቅ ድረስ በከሳሿ ዋስትና ይቆይ።» አስር አለቃው ወደ አለቃው ሄደ፣ አለቃውም ነገሩን ተወው።

እንግዲህ ያ አጥር እንዴት ይለቅ? ለያዕቆብ መከራ ሆነበት። አናጢ ያልጨረሰውን ሥራ እያየ እንቅልፍ አይወስደውም። አንድ ቀን እሳቸው ኪዳን ሊያስደርሱ በሄዱበት የቀሩትን አጣናዎች ተክሎ ጠበቃቸው። መጥተው ሲያዩ ጮኹ፦ «አንተ ልጅ! በገዛ እጅህ ልታልቅ ነው?» ነጠላቸውን አደግድገው አጣናዎቹን ራሳቸው ነቀሏቸው። በክፍተቱ የግራዝማች በጎች እየገቡ ጎመናቸውን ጨረሱት፤ እትዬ አስካለ አንድም ቀን አላማረሩም።

ደግሞ በአንድ ሰው መትረፍ የሚበቃቸው አልነበሩም። በየሰኞው ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው የውጭ ሰዎችን ጉዳይ ወደሚያየው መሥሪያ ቤት ይወርዱ ነበር። አብሬያቸው ሄጃለሁ። ሹሙ «እማማ፣ ሕግ ነው፤ ምን ላድርግ?» ሲላቸው የመለሱለትን ሰምቻለሁ፦

«ልጄ፣ ሕግ አይኑር አላልኩም። ሰው ከመባረሩ በፊት ለምን እንደመጣ ይጠየቅ፤ ከልጆቹ አይነጠል፤ ከወንበዴ ጋር አይታጎር፤ ዋስ ያገኘ ከዋሱ ዘንድ ይቆይ። ሕግም እንደ ቤት ነው፣ በር ያስፈልገዋል።»

«ይታያል» ይሏቸዋል። «እኔም እስኪታይ እመጣለሁ» ይላሉ። ወይ ጽናት! እኔ በንዴት ስበግን እሳቸው ለበረኛው ጧፍ ሰጥተው፣ ልጆቹን በስም በስም ጠይቀው ይወጡ ነበር።

ሞት ግን መልሱን አልጠበቀላቸውም። የሠልስታቸው ዕለት ያ አስር አለቃ ድንኳኑ ደጃፍ ቆቡን አውልቆ ቆመ። «እግዜር ያጥናችሁ» አለና አቀረቀረ። «ዋሱ ስለሞቱ ሰውየውን አምጣ ተብያለሁ።» ያዕቆብ ተነሣ። ማርታ እጁን ይዛ አልለቅም አለች። አፌን ልከፍት ስል ከወዲያኛው ጥግ «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ግራዝማች ይመር! እየተንገዳገዱ መጥተው የጋቢያቸውን ጫፍ በዚያው ቁልፍ ቀዳዳ ቋጠሩ። «ክስ አለኝ። የእኔም አጥር አላለቀም።»

«ግራዝማች፣ ትናንት ሳልፍ አጥርዎ ሙሉ ነበር እኮ» አለ አስር አለቃው።

«እሱ ትናንት ነው። ዛሬ ሄደህ እየው።»

ለካ ሽማግሌው ጠዋት ተነሥተው የገዛ አጥራቸውን ነቅለውት ኖሯል። ድንኳኑ ውስጥ ለቅሶና ሳቅ ተደባለቀ። አስር አለቃውም ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። ተያይዘን ወደ ዳኛው ወረድን፤ ያዕቆብም በግራዝማች ዋስትና ተመለሰ።

እትዬ፣ የመሥሪያ ቤቱ መልስ ገና አልመጣም። ሰኞ እኛ እንሄዳለን፤ ለበረኛውም ጧፉን ይዘንለታል። ከሠልስትዎ ወዲህ በሠፈራችን ሙሉ አጥር ያለው ቤት የለም፤ የእኔም ተነቅሏል፣ በጎቹ ጠግበዋል። እርስዎም በዚያኛው ደጅ ሲደርሱ እንግዶችዎ እንዳሉት ይበሉ፦ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ»። እንደሚከፈትልዎ እኔ ዋስ ነኝ።