ክኒን ቋጥሬ ፒያሳ

ከአምቦ የተነሣነው ማለዳ ነው። የጉዞው ምክንያት በነጠላዬ ጫፍ የቋጠርኩት ክኒን ነበር። ጡቴ አብጦ ቢያተኩሰኝ የአምቦ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ሰልፋ የሚሉትን ክኒን ሰጠኝ። «የሚጠባውን ልጅ አይጎዳም ወይ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «እሱን አዲስ አበባ ጠይቂ» ብሎ ወደ ሌላው በሽተኛ ዞረ። እናቴ ያለችው ጎንደር፤ ማንን ልጠይቅ? ጎረቤቴ እትዬ ሙሉ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው ተከተሉኝ። ልጄ ክርስትና ከተነሣ ገና ሳምንቱ ነው፤ የዓይኑ ብጫነትም አልለቀቀውም።

ሆለታ ላይ ዳቦ በሻይ ቀመስን። ልጁ አልቅሶ ላጠባው ብል፣ እትዬ ሙሉ ነጠላዬን እስከ አገጬ ሳቡት።

«የሰው ዓይን አለ!»

«እትዬ፣ ልጁ ታፈነ እኮ!»

«ከመበላት መታፈን ይሻላል።»

አዲስ አበባ ከአውቶቡስ ወርደን ወደ ፒያሳ ጋሪ ያዝን። ዳገቱ ላይ ፈረሱ ለገመ።

«እማማ፣ ጥቅሉ ምንድነው? ቅቤ ነው?» አለ ባለጋሪው የተሸፈነውን ልጄን አይቶ።

«ምን አገባህ!» አሉ እትዬ ሙሉ።

«ፈረሱ ነው ጠይቅልኝ ያለኝ።»

ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወዳለው መድኃኒት ቤት ገባን። ባለመድኃኒቱ ሽማግሌ አርመን ናቸው። አፌን ሳልከፍት እትዬ ሙሉ ክኒኑን ከነጠላዬ ጫፍ ፈትተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

«ይህ ይጎዳል ወይ?»

«ለማን ነው?»

«ለእኔ ነዋ!» አሉ እትዬ ሙሉ ልጁን ከሰውየው ዓይን እየሸፈኑ።

«ለእርስዎማ ምንም አይልም። ውሃ አብዝተው ይጠጡበት።»

«ሰማሽ?» ብለው ወደ በሩ ጎተቱኝ።

ያን ሁሉ መንገድ የመጣነው እትዬ ሙሉ ሰልፋ መዋጥ እንደሚችሉ ለማወቅ ኖሯል! በልቤ ያልኩትን እመቤቴ ይቅር ትበለኝ።

«አባባ፣ የማጠባው እኔ ነኝ» ብዬ ነጠላውን ገለጥኩት።

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ሙሉ።

ሽማግሌው ልጁን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ዓይኑን አዩ። ፊታቸው ተለወጠ።

«ልጄ፣ ይህን እንዳትውጪ። ልጁ ገና ብጫ ነው፤ መድኃኒቱ በወተትሽ ከደረሰው ይብስበታል። ፔኒሲሊን ይሻላል። ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂጂ፤ እንደምታጠቢ ንገሪያቸው፤ የልጁንም ዓይን አሳዪ። ማጥባቱን ግን አታቋርጪ፤ ወተቱ ሲጠራቀም ሕመሙ ይጸናል።»

ሐኪም ቤት ስንደርስ ሐኪሙም ልጁን አይቶ ያንኑ አለኝ። የመጀመሪያውን መርፌ እዚያው ተወጋሁ፤ የቀረውን አምቦ እንድጨርስ አዘዘልኝ።

በማግስቱ ተመለስን። እትዬ ሙሉ መንገዱን ሙሉ አኮረፉኝ፤ ልጁ ላይ ግን «እንትፍ፣ እንትፍ» ማለቱን አልተዉም። እኔም ከቡዳ የሸሸጉትን ልጅ ከሐኪም መሸሸግ እንደማይገባ ተማርኩ።

አምቦ ስንገባ ጎረቤት ሁሉ ከበበን።

«ምን አሏችሁ?»

«ለእኔ ምንም አይልም ብለውኛል!» አሉ እትዬ ሙሉ ቀድመው።

 ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ ነጠላዬን ጥዬ፣ ሁሉም እያዩ ልጄን አጠባሁ።