ሁለት ጣት ቤንዚን

አበልጄ ፌርሚን በባሕር ዳሯ መንደራችን በፑንታ ሴካ ለዓሣ አጥማጆች ጀልባ የአልሙኒየም ሰልባትዮ፣ ማለትም የቤንዚን ታንከር፣ የሚሠራ በያጅ ነው። ግትርነቱ አያድርስ ነው! ላሜራውን በሽቦ ብሩሽ ሲፈትግ ውሎ፣ አሁንም ቆሻሻ አለው ብሎ እንደገና ይፈትጋል። ታዲያ የሱ ሰልባትዮ ባሕር ላይ ጉድ የሠራው ሰው የለም።

ሚስቱን ኦዲሊያን፣ ኩላሊቷ ከደከመ ወዲህ፣ ለእጥበት ወደ ከተማ የማመላልሳት እኔ ቼማ ነኝ፤ በመንደሩ በረሃውን የሚችል መኪና ያለኝ እኔ ብቻ ነኝና። መንገድ ላይ የነበረችው ብቸኛ ማደያ ስትዘጋ ግን የፒክአፔ ነዳጅ ከተማ የማያደርስ ሆነ። እጥበቱ ካመለጣት ደግሞ ትሞትብናለች። ፌርሚን ነገሩን ሲሰማ የመኪናዬን የጭነት ቦታ በስንዝር ለክቶ ሄደ።

ሰፊና ዝርግ ሰልባትዮ ሠራልኝ። ቤንዚኑ እንዳይናጥ ውስጡን በተበሳሳ ላሜራ ከፋፈለው። አየር እየነፋበት፣ ብየዳው ላይ የሳሙና አረፋ እየቀባ፣ የሚያፈስ ቀዳዳ ሲፈልግ ሰነበተ። ሙሽራ ነው እንዴ የምታጥበው ብዬ ብተርበው ቀና ብሎም አላየኝ።

የመጀመሪያው ጉዞ ሲደርስ ለመንደሩ ቤንዚን የሚያመጣው መኪና ቀረ። ፌርሚን ከየጀልባው ለቃቅሞ ቀዳና ያደርሰናል ብሎ አብሮን ተሳፈረ። ስሌቱ ልክ ነበር። ግን በረሃው መሃል ሞተሩ ተንተፋትፎ ጠፋ። ሰልባትዮውን ብመታው ውስጡ ይንቦጫቦጫል። ቤንዚን አለ!

ፌርሚን ያኔ ገባው፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ለጀልባ ሲሠራ ቤንዚን የሚስበውን ቱቦ ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ያደርገዋል፤ ባሕር ላይ ውሃ ገብቶ ከሥር ስለሚተኛ፣ ሞተሩ እንዳይጠጣው ነው። እጁ ለምዶ ለእኔም እንደዚያው በየደው። በዚያ ዝርግ ወለል ላይ ደግሞ ሁለት ጣት ቤንዚን ማለት የቀረን መንገድ ሁሉ ነው። ቤንዚኑን ስበን የምናወጣበት ቀጭን ጎማ አልያዝንም። አንዱን ጎን እናንሳ ብለን ክሪክ ብናስገባ አሸዋው ዋጠው።

የቀረው መላ ውሃ ጨምሮ ቤንዚኑን ወደ ላይ ማንሳት ነው፤ ቤንዚን ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ የባሕር ሰው አይጠፋውም። ያለን ውሃ ግን ለመጠጥ የያዝነው አንድ ጀሪካን ብቻ ነው። መላው ካልሠራ በዚያ ሐሩር ሦስታችንም አለቀልን። ፌርሚን ጀሪካኑን አንስቶ መድፋት አቃተው።

"ኦዲሊያዬ፣ ገደልኩሽ" አለ።

ኦዲሊያን ሐኪም ውሃ ከከለከላት ከርሟል፤ በቀን የምትቀምሰው ጥቂት ጉንጭ ነው።

"ድፋው" አለችው። "እኔ ጥም ለምጄዋለሁ። እናንተ ብቻ ቻሉት።"

ደፋው። ሞተሩ እያነጠሰ ተነሳ። ውሃው እንዳይናጥ ቀስ እያልኩ ነዳሁ፤ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ፣ እንኳን ልቀልድ መናገርም አቃተኝ። ፌርሚን የደረቀ ከንፈሩን እየላሰ ሚስቱን ሰርቆ ያያታል። እሷ መንገዱን ታያለች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ውሃ ሰጠን። እኔ ጨለጥኩት። ፌርሚን ብርጭቆውን እንደያዘ ቆሞ፣ "ጥሙ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚያደርግሽ?" አላት።

"ሁልጊዜ" አለችው።

ቱቦውን በኋላ አስተካከለው። ሚስቱ ፊት ውሃ ሲጠጣ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አይቼው አላውቅም።