ባለቤቴ በስልክ የሚያዳምጣት መኪና

ባለቤቴ ለሹፍርና ወደ ሪያድ ሲሄድ ልብሱን ለወንድሞቹ አካፈለ፤ ነጯን መኪና ግን ለእኔ ተዋት። መንዳት ያስተማረኝ ራሱ ነበር፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በሽንኩርት ማሳዎቹ መሀል በሚያልፈው የአፈር መንገድ። ከሄደ በኋላ ሽርጥና ሻሽ ጭኜ በገበያ ቀን ካራቆሬና አጣዬ እመላለስባታለሁ። ልጅ አልወለድንም። የእሱ ከሆኑት ነገሮች ሁሉ ድምፅ ያላት መኪናዋ ብቻ ነበረች።

ክረምቱ እንዳለፈ ጠዋት ጠዋት አልነሳም ማለት ጀመረች። ሞተር የሚያስነሳው ሞቲሪኖ በደንብ ያዞራል፣ መብራቱም ደማቅ ነው፤ ሞተሩ ግን አሻፈረኝ ይላል። ከብዙ ልፋት በኋላ እየተንቀጠቀጠች ትነሳለች። ጎረቤቶች «ባትሪ ነው» አሉኝ። ባትሪውን አስመረመርኩት፣ ደህና ነው። ጨነቀኝና ደወልኩለት።

«ስልኩን ወደ ኋላ ወንበር አስጠጊና ቁልፉን ግማሽ ድረስ ብቻ አዙሪው» አለኝ። «ሞተሩን እንዳታስነሺ።»

አዞርኩት። ከኋላ ወንበር ሥር እንደ ንብ እምም የሚል ድምፅ ተሰማና ወዲያው ቆመ።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት። የቤንዚኑ ፓምፕ ነው። አሁን አጥፊውና እንደገና አዙሪው። ደጋግሚው።»

ደጋገምኩት። «በይ አስነሺ» ሲለኝ ቁልፉን ጨርሼ አዞርኩ፤ ተነሳች! ደስ ብሎኝ ጮህኩ። እሱም ከዚያ ማዶ ሳቀ።

«ሌሊቱን ቤንዚኑ ከመስመሩ ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው» አለኝ። «ጠዋት ስታስነሺያት ግፊት የለውም። ቁልፉን ስትደጋግሚው ፓምፑ መስመሩን ቀስ በቀስ ይሞላዋል።»

ከዚያ በፊት የምናወራው በጁምዓ ቀን ብቻ ነበር። ያን ቀን ቤቱ በዘመድ ይሞላል፤ ስልኩ ከእናቱ ወደ እህቶቹ፣ ከእህቶቹ ወደ አጎቱ ሲዞር ይቆይና እኔ ዘንድ ሲደርስ ከሰላምታ የማያልፍ ጊዜ ይቀረኛል። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት ብቻችንን ሆንን። እሱ ሱብሂን ሰግዶ፣ የአሠሪውን ልጆች ትምህርት ቤት ለማድረስ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እኔም በራችን ላይ፣ የእኛዋ ውስጥ ቁጭ እላለሁ። «ቆይ፣ መጀመሪያ እኔ ልስማት» ይላል። ቁልፉን በማዞርና በማጥፋት መሀል ምን እንደበላ፣ ሌሊት እንቅልፍ እንዴት እንደሚያስቸግረው ይነግረኛል። እኔም ለማንም የማልነግረውን እነግረዋለሁ። መኪናዋ ከተነሳች በኋላም የምንዘጋው ልጆቹ ሲመጡ ነበር።

አንድ ቀን ግን ካራቆሬ ላይ ገበያ ተበትኖ፣ ፀሐዩ እየፋጀ፣ ቁልፉን ደጋግሜ ባዞረውም እምቢ አለች። ሰዎች ረድተውኝ በስንት መከራ ብትነሳም ትንሿን ዳገት እየተንገታገተች ነው የወጣችው። ማታ ነገርኩት።

«ከዚህ በላይ ማቆየት የለብንም» አለኝ። «መንገድ ላይ ብትቆምብሽስ? ጋራዥ ውሰጃት።»

ድምፁ ሲወርድ ታወቀኝ።

መካኒኩ ባለቤቴን ከልጅነቱ የሚያውቁ ሽማግሌ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ግፊት የሚለካውን ጌጅ ከቤንዚኑ መስመር ላይ አሰሩ። «መርፌውን አንቺው እዪው፣ ልጄ» አሉኝ። ቁልፉን ስናዞር መርፌው ከሚፈለገው በታች ደርሶ ቆመ፤ ስናጠፋ ደግሞ ወዲያው ወደቀ። ቤንዚኑን ወደ ታንኩ የሚመልሰውን የጎማ ቱቦ ቆንጥጠው ያዙት፤ እንደገና አዙረን ስናጠፋ መርፌው አሁንም ወደቀ። ከታንኩ የሚመጣውን ሲቆነጥጡት ግን ባለበት ቀረ።

«ከፓምፑ ነው» አሉ። «ቤንዚኑን እንዳይመለስ የሚይዘው ክዳን ላልቷል። ፓምፑ ራሱም ደክሟል፣ መገፍተር አቅቶታል።»

«አይጠገንም፣ ጋሼ?»

«አይጠገንም። አዲስ ይምጣ።»

አዲሱ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናዋ ጋራዥ ቆየች። እኔ ግን በዚያው ሰዓት እየነቃሁ፣ ሻሌን ደርቤ ባዶው ደጃፍ ላይ እቆም ነበር። መደወል እችል ነበር፤ ግን ምን ብዬ? እሱም እንደዚያው ሆኖ ኖሯል፤ በኋላ ነገረኝ።

ፓምፑ በተቀየረ ማግስት ቁልፉን ነካ ሳደርገው ተነሳች። ስልኩ ጠራ።

«ተነሳች?»

«ባንዴ።»

«አልሐምዱሊላህ።»

ሞተሩ ፀጥ ብሎ ይሠራል፤ የሚደመጥ ነገር የለውም።

«እንግዲህ ልሂድ፣ ገበያው እንዳያመልጠኝ» አልኩት።

«ስልኩን አትዝጊው» አለኝ። «ድምፁን ከፍ አድርገሽ ወንበሩ ላይ አስቀምጪውና ንጂ። እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።»

ነዳሁ። ዝም ግን አላለም። «የት ደረስሽ?» ይላል። ድልድዩን አለፍኩ እለዋለሁ። «ሽንኩርቱ ደርሷል?» እየነቀሉ ነው፣ ጆንያው መንገድ ዳር ተደርድሯል። «ሙቀቱስ?» ገና ነው፣ ነፋስ አለ። «መስኮቱን ክፈቺው እስቲ» አለኝ። ከፈትኩለት። ነፋሱ መኪናዋን ሞላት።

«ቀስ በይ» አለኝ ከዚያ። «ከኩርባው ቀጥሎ ትልቅ ጉድጓድ አለ።»

ጉድጓዱ እሱ በሄደ በዓመቱ ተደፍኗል። ፍሬን ያዝኩ፤ እንዳለ ሁሉ ዳር ይዤ በቀስታ አለፍኩ።

«አለፍሽው?»

«አለፍኩት» አልኩት።