ዓርብ ቀን የበላሁት ቡና

እኔ ሯጭ ነበርኩ። አሁን ደረጃ ስወጣ የሚያየኝ ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ! በጃንሆይ ዘመን ነቀምት ውስጥ ከእኔ ቀድማ ቦኖ ውኃ የደረሰች ልጅ ካለች ትምጣና ፊቴ ቆማ ትናገር።

የዚያን ዓመት የወለጋ ትምህርት ቤቶች ውድድር እኛ ከተማ ሆነ። የሴቶቹን ሩጫ ያሸነፈች አዲስ አበባ ሄዳ ጠቅላይ ግዛቱን ወክላ ትሮጣለች ተባለ። አዲስ አበባን አይቼ አላውቅም፤ ወሬውን ከሰማሁ ጀምሮ በሕልሜም በእውኔም አውቶቡስ ስሳፈር ነው የከረምኩት። አባቴ ግን ከሸዋ የመጡ፣ ጾም የማይሽሩ፣ ቤተ ክርስቲያን የማይቀሩ ሰው ነበሩ። "ሴት ልጅ ሮጣ ሮጣ የት ልትደርስ ነው?" ሲሉ ሰንብተው፣ የውድድሩ ቀን "በዚያ በኩል ጉዳይ አለኝ" ብለው ወጡ። ሜዳው ስደርስ ጋቢያቸውን ደርበው ከዳኞቹ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው።

ዳኞቹ ያን ዓመት ቁጡ ነበሩ። ቀደም ባለው ውድድር አንድ ሯጭ ከጭነት መኪና ሾፌር እንቅልፍ የሚያባርር ክኒን ተቀብሎ ውጦ፣ መጨረሻው መስመር ላይ አረፋ ደፍቆ ወድቆ ነበር። በስንት መከራ ተረፈ። ስለዚህ ከጤና ጣቢያ ድሬሰር መጣና ሁላችንንም ምላሳችንን አስወጥቶ አየ፣ ልባችንን አዳመጠ። መድኃኒት ወስዳ የተገኘች ትሰረዛለች፤ አለቀ።

ምርመራው እንዳበቃ ጎረቤታችን ከሜዳው አጥር ወዲያ ጠሩኝ። ሰፈሩ ሁሉ "አዴ" ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ እመቤት እንደማለት ነው። ድንጋጤ ይዞኝ ቁርስ አለመብላቴን ሰምተው ነበር። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በባዶ ሆድ ሮጠሽ ሜዳ ላይ ልትቀሪ ነው?" ብለው በኮባ ቅጠል የጠቀለሉትን ነገር እጄ ላይ አኖሩ። ቡና ቀላ ነው፤ ከነቅርፊቱ በቅቤና በጨው የተጠበሰ የቡና ፍሬ። "አባቶቻችን ይህን ሰንቀው ጊዳ ድረስ በእግራቸው ይሄዱ ነበር" አሉኝ። አዴ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ ዓርብ ይሁን ማክሰኞ ለእሳቸው ያው ነው። እኔ ግን ሁለተኛውን ፍሬ ካኘክሁ በኋላ ዓርብ መሆኑ ትዝ አለኝ። ታዲያ አንዴ ከተሻረ ሦስተኛው ምን ያደርጋል? ጉንጬን ሞልቼ መነሻው ላይ ቆምኩ።

ሮጥን። ከጎረቤት ከተማ ከሲሬ የመጣችው ልጅ እግሯ ረጅም፣ ትንፋሿ ረጅም፤ እስከ መጨረሻው ዙር ጀርባዋን ሳይ ቆየሁ። አዴ ከአጥሩ ሆነው "ፊጊ! ፊጊ!" እያሉ ይጮሃሉ፤ ሩጪ ማለታቸው ነው። መጨረሻው ኩርባ ላይ አለፍኳት። ወይ ደስታ! ያን ቀን የሮጥኩበት እግር የማን እንደነበር እንጃ።

ክሩን በጥሼ ሳልቆም የሲሬዎቹ መምህር እየጮኸ መጣ። "አፏን እዩት! ታኝካለች! መድኃኒት ነው!" እውነቱን ነው፣ አንዲት ፍሬ ጉንጬ ውስጥ ቀርታ ነበር። ደንግጬ ዋጥኳት፤ መዋጤ ደግሞ ይባስ ሌባ አስመሰለኝ።

"ምንድን ነው የበላሽው?" አለ ድሬሰሩ።

ቅቤ ካልኩ አባቴ ይሰሙኛል፤ ዝም ካልኩ አዲስ አበባ ቀረች። ድሬሰሩ ክፉ ሰው አልነበረም። የደም ሥሬን ይዞ "ዋንጫው ገደል ይግባ፣ ልጅቷ እንዳትሞትብኝ ነው!" ይላል። እንባዬ መጣ። ዳኛው "እንግዲያው ተሰርዛለች" ሊል አፉን ሲከፍት አዴ አጥሩን ጥሰው ገቡ።

"እኔ ነኝ የሰጠኋት! የምን መድኃኒት ነው የምታወሩት? ቡና ነው! በቅቤ የተጠበሰ ቡና!"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የአዴ ወለምታ ግን ራሱ ቅቤ ሆኖ አረፈው። አባቴን ቀና ብዬ ለማየት አቃተኝ። የሲሬው መምህር ደግሞ ከክሱ አልተመለሰም። "ምን እንደተቀላቀለበት ማን ያውቃል?" አለ። አዴ የተረፈውን ዘረጉ። ድሬሰሩ ገና ከአዲስ አበባ የተላከ ነውና ምኑም አልገባው። ያን አረፋ የደፈቀ ልጅ ያስታወሰ ሁሉ ቅመሱ ሲባል ወደ ኋላው ሸሸ። ዳኛው ዙሪያውን ቃኘና አባቴ ላይ ዓይኑ አረፈ። አባቴ ዋሹ የሚል ሰው ነቀምት ውስጥ አልተፈጠረም፤ የሲሬው መምህር እንኳ እሺ አለ።

"እርስዎ ቀምሰው ይፍረዱን" አላቸው።

አባቴ ኮባውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ከዚያ እኔን አዩኝ። ልቤ ከሩጫው ይልቅ ያኔ ነው የደለቀው።

"አልቀምሰውም" አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። "መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እቀምስላችሁ ነበር። ይኼ የለየለት የላም ቅቤ ነው። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።"

ኧረ ሳቁ! ድሬሰሩ ፍሬውን አፉ ውስጥ ጣለ፣ የሲሬው መምህርም ደገመ። የሲሬዋ ልጅ ደግሞ "ለእኔስ?" ብላ እጇን ስትዘረጋ፣ ጉድ ፈላ፣ ኮባው ባዶ ሆነ። አዴ እንደ ሕፃን አዝለው ሜዳውን አዞሩኝ። አዲስ አበባም ሄድኩ፤ ስንተኛ ወጣሽ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ያን ቀን ማምሻውን ግን አባቴ ሰሌን አነጠፉና "ስገጂ!" አሉኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ሰገድኩ። ቀና ስል አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው አጠገቤ ይሰግዳሉ።

"አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ምን በልተው ነው?" አልኳቸው።

"እኔ ምን እበላለሁ?" አሉ፣ ግንባራቸውን ከሰሌኑ ሳያነሱ። "የሲሬዋ ልጅ እንድትደናቀፍ ስጸልይ ነበር።"