ለኢየሱስ ብቻ የነገርኩት

ልጅ እያለሁ ኢየሱስ ቤታችን ይኖር ነበር። ይህን ጭንቅላቴ ውስጥ ያስገባችው የሰንበት ትምህርት አስተማሪያችን ናት። «የእሁድ እንግዳ አታድርጉት፤ ጠዋት ስትነሱ ሰላም በሉት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ያያችሁትን ሁሉ ንገሩት» አለችን። ሌሎቹ ልጆች ሰምተው ረሱት። እኔ ግን አንዴ የያዝኩትን የምለቅ ልጅ አልነበርኩም። ቦዬ ስልጥ፣ ከቦኖ ውሃ ስቀዳ፣ የሶዶን ቀይ ጭቃ ከጫማዬ ላይ ስፍቅ ድምፄን አውጥቼ አወራው ነበር። እማዬ ትስቅብኛለች፤ አባዬ ግን የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ስለነበር ደስ ይለው ነበር።

ታላቅ እህቴ ታደለች የመዘምራን መሪ ነበረች። አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው፤ የፀጉሯ ቅቤ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አንድ ቀን አንሶላ ስቀይር ፍራሹ ሥር ደብዳቤዎች አገኘሁ። ሳሳያት ክው አለች። የጻፈላት ሰው ጉኑኖ የሚያስተምር መምህር እንደሆነ፣ ቤተሰቦቹ ኦርቶዶክስ እንደሆኑ፣ ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ እንዳሰበ ነገረችኝ። «እስከዚያ አባዬ ከሰማ አለቀልኝ። ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ። መማል ቤታችን ውስጥ ክልክል ቢሆንም «ታደለች ትሙት» ብዬ ማልኩላት።

ቃሌንም ጠበቅኩ። ለእማዬ አልነገርኩም፤ ለጓደኞቼም ትንፍሽ አላልኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ምእመናን እኛ ቤት ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር። አጸላለያችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሁሉም በአንዴ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ገሚሱ በወላይትኛ ገሚሱ በአማርኛ ይጸልያል፤ ማንም የጎኑን ሰው አይሰማም። ከዚያ መሪው ሲያጨበጭብ ቤቱ ጸጥ ይላል። የዚያን ቅዳሜ መሪው አባዬ ነበር። እኔ ግንባሬን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ደፍቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ከኢየሱስ ጋር ወሬዬን ይዣለሁ። ቆርቆሮውን ሲደበድብ የሚውለው ዝናብ እንኳ የዚያን ቀን ቀረ። ጭብጨባውን አልሰማሁትም።

«ደግሞ ታደለችንና የጉኑኖውን መምህር አጋባልኝ። ኦርቶዶክስ ነው ብሎ አባዬ እንዳይቆጣ። ፍራሽ ሥር ያሉትንም ደብዳቤዎች እንዳያገኛቸው።»

ዓይኔን ስገልጥ ሰው ሁሉ ያየኛል። ታደለች ብቻ መሬት መሬት ታያለች። አንዲት አሮጊት ከልማድ ብዛት «አሜን» አሉ።

አባዬ አልጮኸም። እንግዶቹን በወጉ ሸኝቶ ተመለሰና ፍራሹን ገለበጠው። በሳምንቱ ታደለች ከመዘምራን ታገደች። ፋሲካ ሳይደርስ ዲምቱ የምትኖረው አክስታችን ዘንድ ተላከች፤ እዚያም ሚስቱ ለሞተችበት፣ በዕድሜ አባዬን ለሚያህል አማኝ ተዳረች። ሁሉም «የጌታ ፈቃድ ነው» አሉ። ጌታን ማን እንደጠየቀው አላውቅም፤ እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነበር።

የሄደች ቀን እስከ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ይዤላት ሄድኩ። «ለማንም አልነገርኩም እኮ፤ ለኢየሱስ ብቻ ነው የነገርኩት» አልኳት እያለቀስኩ።

«እሱማ ያውቅ ነበር፣ የኔ እናት» አለችኝ። ሻንጣዋን ተቀብላኝ መኪናው ውስጥ ገባች።

ዛሬ እኔም ባለትዳር ነኝ፤ የምኖረውም እዚሁ ሶዶ ነው። የድሮዋ ጠባብ ቤተክርስቲያን ፈርሳ በቦታዋ ትልቅ አዳራሽ ተሠርቷል፤ ጸሎቱም በድምፅ ማጉያ ሆኗል። ሰው ሁሉ ሲጮህ እኔ ከንፈሬን አላንቀሳቅስም። ታደለች ለበዓል ስትመጣ ስለ ገበያና ስለ ልጆች እናወራለን፤ ያቺን ቅዳሜ አንድም ቀን አንስተናት አናውቅም። አባዬ አርጅቷል። ባለፈው «እስቲ ዘምሪልኝ» ሲላት «ረስቼዋለሁ፣ አባዬ» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

በቀደም እንግዶች ሳሎን ተቀምጠው፣ የሰባት ዓመቷ ልጄ ጓዳ ሰሃን እያጠበች ስታወራ ሰማኋት። መጀመሪያ ስልክ የያዘች መስሎኝ ነበር። ጠጋ ስል «እማዬ አንተን ለምንድን ነው የማታናግርህ? ተጣልታችሁ ነው?» ትለዋለች። ልቆጣት ፈለግሁ፤ አቅፌያት ማልቀስም አማረኝ። አንዱንም አላደረግሁ። ሰው እንዳይሰማት የጓዳውን በር ቀስ ብዬ ዘጋሁላት።