ቱቦውን ማን ይያዝ?

ወረታ ላይ እሳት ሲነሳ ሰው ሁለት ስም ይጠራል፤ መጀመሪያ የእግዜርን፣ ቀጥሎ የበላይነህን። የዋሴን ስም የሚጠራ የለም። የከተማዋን አንድ ለናቱ የእሳት አደጋ መኪና የሚነዳው ግን ዋሴ ነው፤ ከቦታው ከደረሰም በኋላ ከመኪናዋ ኋላ ቆሞ ፓምፑን የሚያስነሳውና ውሃውን ወደ ቱቦው የሚገፋው እሱው ነው። እሱ እጀታውን ካልገፋ ከታንከሩ ጠብ የሚል ነገር የለም። ይህን አሳምረው የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ራሱ፣ ሁለተኛዋ ሚስቱ ገላነሽ። ገላነሽም ብትሆን ያወቀችው እራት በቀረበ ቁጥር ስለሚነግራት ነው።

መኪናዋ ለከተማዋ በመጣች ሰሞን ዋሴና በላይነህ አብረው ተቀጠሩ። ዋሴ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ሆኖ የሩዝ ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። በላይነህ በዕድሜ ያንሰዋል፤ ከመቀጠሩ በፊት በሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ ይሸከም ነበር። እንግዲህ ፍረዱ፤ ሹፌር ይበልጣል ወይስ ተሸካሚ? ዋሴ ይህን ጥያቄ ለራሱ ያላነሳበት ቀን የለም፣ የሚመልሰውም ሁልጊዜ ለራሱ አድልቶ ነው። መኪናዋን ቀዮ ብሎ ስም ያወጣላትም እሱ ነው፤ አባቱ ከነበሯቸው ላሞች የምትወደደዋ ቀዮ ትባል ነበርና። ስሙ ለከተማው ሁሉ ተዳረሰ፤ ማን እንዳወጣው ግን የጠየቀ የለም።

ነገሩ የጀመረው በመጀመሪያው ቃጠሎ ነው። ከአንድ መፈልፈያ ቤት ጓሮ የተከመረ የሩዝ ገለፈት ተቀጣጠለና እሳቱ ወደ መኖሪያ ቤቶቹ ዞረ። በላይነህ ቱቦውን ታቅፎ ጭሱ ውስጥ ገባ። ዋሴ ከመኪናዋ ኋላ እጀታውን ጨብጦ፣ ውሃውን አንዴ እያበረታ አንዴ እያላላ፣ ላቡ ጀርባው ላይ እስኪፈስ ሠራ። እሳቱ ሲጠፋ ሴቱ እልል አለ፣ ጎረምሳው በላይነህን በትከሻው ተሸከመው። ዋሴን ግን አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው፣ "አንተ ልጅ፣ ዳር ቁመህ ከምታይ ብታግዛቸው ምን ነበረበት?" አሉት።

ዋሴ ቱቦውን መጠቅለል ጀመረ። የሽማግሌው ቃል ግን ሆዱ ገብቶ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ቅናት ቤት ሠርቶ ተቀመጠበት። በላይነህ መንገድ ላይ ሲሄድ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳለታል፤ ዋሴ ቀና። በላይነህ ሻይ ቤት ሲገባ ባለቤቱ ወንበሩን በጨርቅ ይጠርግለታል፤ ዋሴ ቀና። አንድ ቀን ገላነሽ ሳታስበው፣ "በላይነህን የደንብ ልብሱ እንዴት ያምርበታል!" ብላ ተናገረች። ዋሴ መስታወት ፊት ሄዶ ቆመ። ጨርቁ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ነው፣ የሰፋውም አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ታዲያ እሱን ምነው አላማረበትም? ገበያ ሲወጣ እንኳ ከፊቱ የሚሄደው ባጃጅ ጀርባ ላይ "ምቀኛ አታሳጣኝ" የሚል ጽሑፍ ካየ፣ ሆን ተብሎ ለሱ የተጻፈ ይመስለውና ፊቱን ያዞራል።

አምና በላይነህ የእሳት አደጋ ክፍሉ ኃላፊ ተደርጎ ተሾመ። ቢኮራ እንኳ ለዋሴ በቀለለው ነበር፤ የኮራ ሰው ይታማል፣ ሲታማም ሆድ ይተነፍሳል። በላይነህ ግን ተሹሞም "አያ ዋሴ" ማለቱን አልተወም። መኪናዋ ስትታጠብ እጅጌውን ሰብስቦ አብሮ ያጥባል። ከዚህ ሰው ላይ ምን ነቅሰህ ታማለህ? ዋሴን ያንገበገበው ይኸው ነው።

በዚህ መካከል ጥምቀት ደረሰ። በወረታ ጥምቀት ሕዝቡ እንደ ጉድ ነው፤ ካህናቱ ውሃውን ከባረኩ በኋላ በእጅ ረጭተው አይዘልቁትም። ስለዚህ ቀዮ ትቀርባለች። በታንከሯ ያለው ውሃ ይባረካል፣ ቱቦው ወደ ላይ ይነሳል፣ ጠበሉም እንደ ዝናብ እኋላ ላለው ሁሉ ይወርዳል። እልልታው ያን ጊዜ ነው! ቱቦውን ይይዝ የነበረው ሁልጊዜ በላይነህ ነው። ዘንድሮ ግን ዋሴ አሰበ፤ በላይነህ ኃላፊ ሆኗል፣ ኃላፊ ደግሞ ከሹማምንቱ ጋር ከድንኳን ጥላ ይቀመጣል እንጂ ቱቦ አይጎትትም። ቱቦው ለማን ይሆናል? ለሱ ነዋ! ይህን ሐሳቡን እንዳለቀለት ነገር አድርጎ ለገላነሽ ነገራት። ገላነሽ ለጎረቤት ነገረች። ጎረቤት ለገበያ ነገረ፣ ገበያተኛው ወሬውን ተሸክሞ ቁሐር ሚካኤል አደረሰው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ገላነሽ የደንብ ልብሱን አጥባ ተኩሳ ስታቀርብለት፣ "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!" ብላ ሳቀችበት፤ እሱም በደስታ አብሯት ሳቀ።

የከተራ ዕለት ረፋድ ላይ ሁለቱ ቀዮን እያጠቡ ሳለ በላይነህ ቀና ብሎ፣ "አያ ዋሴ፣ ነገ ቱቦውን እኔው ልያዘው። አንተ ከፓምፑ እንዳትለይ፣ አደራ!" አለው።

"አንተ ከሹማምንቱ ጋር አትቀመጥም እንዴ?"

"ተቀምጨ ምን ልሠራ? ልታይ?" ብሎ ሳቀ በላይነህ።

ዋሴም ጥርሱ እንዳመመው ሰው ሳቀና ባልዲውን አንስቶ ወደ ውሃው ሄደ። ተቀምጬ ልታይ ወይ ይላል እንዴ? ቆሞ መታየቱስ? የሰው ዓይን ሁሉ እሱ ላይ ካላረፈ ቀኑ አይመሽለትም ማለት ነው! ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ገላነሽ "ምን ሁነሃል?" ብትለው ወገቤን አሞኛል አላት።

በማግስቱ ጸሎቱ ደርሶ፣ ውሃው ተባርኮ፣ ተራው የቀዮ ሆነ። በላይነህ ቱቦውን ወደ ሰማይ አነሳ። ገና ውሃው ሳይወጣ እልልታው ቀለጠ። ዋሴ ከመኪናዋ ኋላ ሆኖ ያን እልልታ ሰማና እጁ በራሱ ፈቃድ የሠራ ይመስል እጀታውን ወደ ኋላ ሳበው። በየዓመቱ ከፍ ብሎ ይሄድ የነበረው ውሃ ተልፈሰፈሰ፤ ፊት ለፊት የተቀመጡትን ሹማምንት ጫማ አርሶ ቀረ። እኋላ ያለው ሕዝብ "እኛስ! እኛስ!" እያለ ጮኸ። ልጆቹ "ቀዮ ነጠፈች! ቀዮ ነጠፈች!" እያሉ ዘለሉ፤ ሳቁም ከዳር ዳር ተዛመተ።

በላይነህ ቱቦውን ታቅፎ ወደ ኋላ ዞረ። ላቡ በፊቱ ላይ ይወርዳል። ዋሴ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ "ፓምፑ ነው!" አለው።

ደስ አለው። ምን ይዋሻል፣ ከልቡ ደስ አለው። እኋላ የቆሙ አሮጊቶች ጀሪካናቸውን ባዶውን ይዘው ሲመለሱ አየና ፊቱን አዞረ እንጂ፣ ደስታውስ ማታ ድረስ አብሮት ነበር።

በዓሉ እንዳለፈ የከተማው ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴ ክፍሉን በሙሉ ጠራ። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ይርጋለም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በመምህርነት የጨረሱ፣ ሲጠይቁ ሰውን እንደ ተማሪ ከመቀመጫው የሚያስነሱ ሴት።

"አሁን የፎገራ ሜዳ ሙሉ ገለባ ነው" አሉ። "በየአውድማው ክምር ነው። ያ ፓምፕ ቃጠሎ ላይ ሁኖ ቢነጥፍ ምን ይውጠን ነበር? መኪናዋን ጠዋት ጠዋት መፈተሽ የማን ሥራ ነው?"

በላይነህ ተነሳ። "የኔ ነው።"

"ፈትሸሃል?"

"ፈትሻለሁ። ደህና ነበረች።"

"ደህና ከነበረች ምን ሆነች ታዲያ?"

"እኔም አልገባኝም፣ እትየ።"

ወይዘሮ ይርጋለም ከጎናቸው ካሉት ጋር ተነጋገሩና ቁርጡን ተናገሩ። መኪናዋ ባሕር ዳር ሄዳ ፓምፗ ይመረመራል። ምክንያቱ እስኪታወቅ በላይነህ ከኃላፊነቱ ይነሳል። "እስከዚያ ክፍሉን ማን ይያዘው?" ብለው ጠየቁ።

ዋሴ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ዝም ካለ በላይነህ ወደቀ፣ እሱም ተሾመ።

"አያ ዋሴ ይያዘው" አለ በላይነህ። "ከኔ የተሻለ ነው። ጥምቀት ላይ ቱቦውን ለሱ ልሰጠው አስቤ ነበር። ነገር ግን ያ ውሃ ትንሽ ከበረታ ሕፃን ይጥላል፣ ሽማግሌ ይሰብራል። ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት ፓምፑን አምኜ የምሰጠው ከሱ እጅ በቀር የለም። እሱን የመሰለ ሰው አይዟችሁ፣ አያሳፍራችሁም።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሲሰማ ልቡ በራራ ነበር። ዋሴ ግን ቀና። እንደዚህ ቀንቶ አያውቅም። ወይዘሮ ይርጋለም በላይነህን የሚያዩበት ዓይን ረጥቧል። ኮሚቴው ሁሉ የሚያየው በላይነህን ነው። ሹመቱ የዋሴ ሆኖ ሳለ ዋሴን ያየ አንድ ሰው የለም! ተሽሮም የሚታየው እሱ! ተዋርዶም የሚወደደው እሱ! ይህን ደግነቱን ይዞ ከዚህ ቤት ሊወጣ ነው፣ ከተማውም ሲያወራለት ሊኖር ነው። ዋሴ ይህን መሸከም አቃተው።

"ፓምፑ ጤነኛ ነው!" ብሎ ብድግ አለ። "ውሃውን ያነቅሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ!"

ዓይን ሁሉ ከበላይነህ ተነስቶ ዋሴ ላይ አረፈ። ስንት ዓመት የተመኘው ነገር ነው፤ ሲያገኘው ግን አንገቱን ደፋ።

"ለምን?" አሉ ወይዘሮ ይርጋለም።

ምክንያቱን ስንት ሌሊት ሲደረድረው ኖሯል፤ ስለ ሽማግሌው፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ሁሉም። ካፉ የወጣው ግን "ቱቦውን መያዝ ፈልጌ ነበር" የሚል ብቻ ሆነ፣ የልጅ ልቅሶ እንጂ የትልቅ ሰው መልስ የማይመስል።

ኮሚቴው ሊያባርረው ነበር። በላይነህ ግን ፊቱ እንደጠቆረ፣ "ወቅቱ የቃጠሎ ነው፣ ሰው ደግሞ የለንም" አለ። "ፓምፑን እኔ እይዛለሁ። ዋሴ ቱቦውን ይያዝ።" አያ የምትለዋ ቃል ከስሙ ፊት ተነስታለች። ዋሴ ይህን ልብ ብሎ ሰማ።

ቤት ሲደርስ ወሬው ቀድሞት ገብቷል። "ቱቦውን ሰጡኝ" አላት ገላነሽን። እሷም የተኮሰችውን የደንብ ልብስ ካልጋው ላይ አንስታ ወረወረችለትና፣ "እንኳን ደስ ያለህ!" አለችው።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀትር ላይ ከቁሐር ሚካኤል ተደወለ። የሩዝ ገለባ ክምር ተያይዟል፣ ነፋሱም ከአውድማው ወደ ቤት እየገፋው ነው። በላይነህ ነዳ፤ ዋሴ ከጎኑ ተቀመጠ። እንደደረሱ ዋሴ ቱቦውን ታቅፎ በሁለት ክምር መካከል ገባ። ከፊቱ እሳት፣ ከጎኑ ከብቶች የሚያጓሩበት በረት ነው። ሙቀቱ ቅንድቡን ለበለበው። ቱቦው ገና ውሃ አልገባውም፣ በእጁ ላይ እንደ ባዶ ስልቻ ተንጠልጥሏል።

ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ጭስ ብቻ ነው፤ መኪናዋም በላይነህም አይታዩም።

ያኔ ፍርሃት ያዘው። ይህን ሰው በአገር ፊት አዋርዶታል። አሁን ነፍሱ በዚያ ሰው እጅ ላይ ናት። እጀታውን ትንሽ ወደ ኋላ ሳብ ቢያደርጋት ማን ያውቅበታል? ፓምፑ ነው ቢልስ ማን ይጠይቀዋል? በላይነህ ስንት ዓመት ጀርባውን ለሱ ሰጥቶ እዚህ ቦታ ሲቆም አንድ ቀን እንኳ ዞሮ አላየም ነበር። ዞሮ ያየው የጥምቀት ዕለት ብቻ ነው።

"ውሃ!" ብሎ ጮኸ ዋሴ።

ውሃው መጣ። ሙሉ ሆኖ፣ ሳይበረታበት ሳይላላበት፣ ደረቱን ገፍቶት መጣ። የእሳቱ ምላስ ከበረቱ ራቅ እያለ ሄደ። ከጭሱ ማዶ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አብሮ አደጎቹም "ዋሴ! ዋሴ!" እያሉ ስሙን ጠሩት። እሱ ግን የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ውሃውን እሰጠው ነበር? መልሱን ያውቀዋል። ሕዝቡ ስሙን እየጠራ፣ ዋሴ ፊቱን ወደ ጭሱ አዙሮ፣ በዚያ ማንም በማያየው ሰው እጅ ቀና።